የወፍ ቆሎ በካውያ ደጅ

ስሟን አሟልተው የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ባሏ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ካውያ ናት፤ ታናናሾቿ «እትዬ ካውያ»፣ እኩዮቿ «አንቺ ካውያ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው የሚሉ አሉ። በምላሷ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች አልተሳሳቱም።

ከወጣትነቷ እስከ ጡረታዋ የሠራችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር የተሸጎጡ ጠባብ ቀዳዳዎች ስለነበሩ ከውጭው ዓለም የሚታያት የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር። ውስጡ እንፋሎት፣ የሳሙና ሽታና የማጠቢያ መኪና ጩኸት ነው። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ የአስተናጋጆቹ ነጭ ኮት፣ የእንግዶቹ ሸሚዝ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ሸሚዝ ስትተኩስ ከኮሌታው ትጀምራለች፣ ወደ ትከሻው ትወርዳለች፣ እጅጌዎቹን ትጨርስና ሰፊውን ጀርባ ለመጨረሻ ታቆየዋለች። ጣቷን በምራቋ አርሳ የካውያውን ሆድ ነካ ስታደርገው በሚሰማው ድምፅ ብቻ ሙቀቱ ለሐር ይሁን ለጥጥ ታውቅ ነበር። አዲስ የገባች ሠራተኛ ሙቀቱን ስታማርር፣ «አይዞሽ፣ ሲኦል ብትገቢ እንኳ ሥራ አታጪም» ትላታለች።

ባሏን ያገኘችውም እዚያው ነው። ከግድግዳው ወዲያ እንፋሎቱን የሚያፈላውን ቦይለር የሚጠብቅ ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር። እንፋሎቱ ሲደክም እሷ ቧንቧውን በማንኪያ ትቀጠቅጣለች፤ እሱ ደግሞ «ሰማሁ» ለማለት ከወዲያ በመፍቻው ይመታል። እያደር እንፋሎቱ ሳይደክምም መቀጣቀጥ ጀመሩ። «ሰው ሚስቱን በደብዳቤ ያገኛል፣ በስልክ ያገኛል፤ እኔ በቧንቧ ነው ያገኘኋት» ይል ነበር ባልየው፣ እሷ እስክትቆጣው ድረስ።

ቤታቸውን የሠሩት ከተማው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል ካለው ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱን ማንም ያልተሻማበት ምክንያት የገባቸው ከሰፈሩበት በኋላ ነው። ግቢው ፊቱን ለምዕራብ ስለሰጠ ፀሐይ ከቀትር ጀምሮ እስክትጠልቅ ዓይኗን አትነቅልበትም። አፈሩም አፈር ከተባለ ነው እንጂ ነጭ ጠጠር ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት የእሳት ብልጭታ ይተፋል።

ባልየው ግን ሣር አማረው።

«ግቢ ያለ ሣር ማለት ራስ ያለ ፀጉር ማለት ነው» አለ።

«ስለ ፀጉርማ አንተ አፍህን ሞልተህ አትናገር» አለችው። የሰውዬው አናት ከተጋቡበት ቀን አንስቶ ያብረቀርቅ ነበር።

ሣሩን ተከለ። በአጥሩ ጥግ ጽጌረዳ ደረደረ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በጎማ ያጠጣል። ለጥቂት ዓመታት በእርግጥም ያምር ነበር። ከዚያ ከተማው ሰፋ፣ ዝናቡ ቀነሰ፣ ውሃ በተራ ሆነ። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ እሱም እያስነጠሰ ይመጣ ጀመር። በርሜሉ ሳይሞላ የሚሄድበት ሳምንትም አለ። ሰው ሳይጠጣ ሣር አይጠጣምና ሣሩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ገለባ፣ በመጨረሻም አቧራ ሆነ። ጽጌረዳዎቹን ባልየው የዕቃ እጣቢ እያጠጣ ትንሽ አቆያቸው። እነሱም ሳሙናው ይሁን ፀሐይዋ፣ አንድ በአንድ ተሰናበቱት።

ካውያን ያበሳጫት ሣሩ ሳይሆን አቧራው ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሣሩ የነበረበት መሬት በመስኮት ይገባል። «ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳነጣ እውላለሁ፣ የራሴ መጋረጃ ግን ጭቃ የነካው ይመስላል። ይሄ ነው የሕይወት ፍርድ?» እያለች ትነጫነጫለች።

አንድ የዕረፍት ቀኗን ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ችግሯን በትዕግሥት ሰምቶ ከአንድ ጥግ ቁጥቋጦ አነሣ። አበባው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ባንድነት የተሰካካበት ነው፤ ግንዱ እሾህ አለው።

«ይቺን ውሰጂ እናቴ። የወፍ ቆሎ ናት። ይቺ ሞት የሚባል አታውቅም።»

እውነቱን ነው፤ አታውቅም። ያለ ውሃ ለመለመች፣ አበበች፣ ጥቁር ፍሬ አፈራች። ከአጥሩ ሥር ብቅ አለች፤ ከደረጃው ስንጥቅ ብቅ አለች። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ የሜትር ክሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፦

«እህቴ፣ አበባሽ ሳልጠራው መጥቶብኛል» አለቻት።

«አበባ መጣብኝ ብሎ የሚከስ ሰው አንቺን አየሁ!»

«አበባ ቢሆንማ እሰየው። ይሄ ግን ልጄ የምትጫወትበትን ቦታ በእሾህ አጠረብኝ።»

ካውያ ክፉ ቃል የሚያንሳት አልነበረችም። ግን የጎረቤቷን ግቢ ዐይታ በሁለቱም ግቢ ያለውን ነቀለች። ከዚያም ወደ ገደሉ ጫፍ ወርዳ ስታይ ነገሩ ከአጥር ያለፈ መሆኑን ተረዳች። ወፎቹ ፍሬውን በልተው በየድንጋዩ ሥር ጥለውት ስለነበር የብርቱካንማው የወፍ ቆሎ ችግኞች ፍየል በሚሄድበት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም ከእሷ ግቢ መምጣቱን አላወቀም። የዕረፍት ቀኖቿን ሁሉ ከገደሉ ሥር እየነቀለች ከረመች። እጇ ከድመት ጋር የተጣላ ሰው እጅ መሰለ። የሆቴሉ ሰዎች «ምን ነካሽ?» ሲሏት «ባሌ ነው» ብላ ቀለደች፤ ባልየው ይህን ሰምቶ ለብዙ ጊዜ አኮረፈ።

የአገሩን የወፍ ቆሎ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሥራ የምትሄድበት አውቶብስ መንገዱ ሲጠብ ከአንድ የተቆረጠ ኮረብታ አጠገብ ተራ ይጠብቃል። የደረቁ ወራት መካከል ነበር፤ ሁሉም ነገር የአቧራ መልክ ይዟል። ከድንጋዩ ስንጥቅ ግን አንድ ቁጥቋጦ ወጥቶ ሐምራዊ አበባ አብቦ፣ ቢራቢሮ ከቦት አየች። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን በእግሯ ሄደች። ከጥላው ሥር አንድ ድንጋይ ፈላጭ መዶሻውን ተንተርሶ ያርፍ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የወፍ ቆሎ ነዋ።»

«የወፍ ቆሎማ አውቃለሁ። እጄን ተመልከቱት!»

ሽማግሌው ሳቀ። «ያኛው መጤው ነው። የኛው ይሄ ነው። እሾህ የለው፣ ጉራ የለው፣ ሰው ሳይተክለው ከቦታው አይርቅም። አበባው ወይን ጠጅ፣ ፍሬውም ሲበስል ወይን ጠጅ። ስሙን ግን አትርሺ፤ የወፍ ነው እንጂ የሰው አይደለም። ጥሬውንማ ፍየል እንኳ አትደፍረውም።»

ቅጠሉን ቀንጥባ በጣቷ አሸችው። ሻካራ ነው፤ ሽታው ከቅጠልና ከቅመም መካከል የሆነ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነው። ወደዳችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደቻቸው ቁራጮች ሞቱ። ለምለሙን ጫፍ ነበር የቆረጠችው፤ ስለሳሳችላቸው ደግሞ በየቀኑ ውሃ አጠጣቻቸው፤ ጠቆሩና ከሥራቸው በሰበሱ። ሁለተኛ ስትሄድ እርሳስ የሚያህል፣ ቡናማ መሆን የጀመረ እንጨት መረጠች፤ የታችኛውን ቅጠል ገፍፋ፣ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ሰክታ፣ ከበርሜሉ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ስትነካካቸው ያያት ባሏ፦

«ሥር አወጡ አላወጡ ብለሽ በየቀኑ ከነቀልሽውማ መቼ ያወጣል? እንቁላል ሰብሮ ጫጩቱን የሚያይ ሰው አለ?» አላት።

ልክ ነበር። እጇን ሰበሰበች። ከመካከላቸው ገሚሱ ያዙ። ዝናብ ሲጀምር በጠጠሩ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍራ ተከለቻቸው፤ በመጀመሪያው የበጋ ወቅት ብቻ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጣቻቸው። ከዚያ ወዲያ የራሳችሁ ጉዳይ አለቻቸው። የዝናቡ ወራት ሲቃረብ ግማሽ ቁመታቸውን ትከረክማለች፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ማዳበሪያ የሰጠቻት አንዷ ቅጠል ብቻ ሆና አበባ ከለከለቻት። «ጠግባለች፣ ምን ያስጨንቃታል» አለ ባልየው።

ዓመታት አለፉ። ሣሩ የነበረበትን ቦታ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሐምራዊ ቁጥቋጦ ሞላው። አቧራው ቀነሰ። ቢራቢሮው፣ ንቡ፣ ስሟን የማታውቃት አንዲት ቀጭን ወፍ ግቢውን ሥራ ቦታ አደረጉት። ባልየው እጅ መስጠቱን በአፉ አልተናገረም፤ ከአሮጌ የእንፋሎት ቧንቧ አግዳሚ ወንበር በየደና ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር ተከለ። ተሸነፍኩ ማለቱ ነበር፤ እሷም ገብቷታል። ጡረታ ሲወጡ ሁለቱም እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። መንገደኛ ቆሞ «እንዴት ያምራል!» ሲላት አንገቷ በትንሹ ይረዝማል። ለጠየቃት ሁሉ ቁራጭ ትሰጣለች፤ «ከብት ካላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት፣ ጥሬ ፍሬው መርዝ ነው» ብላ ታስጠነቅቃለች። ለትልልቆቹ ብቻ።

ልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ታሳድግ ነበር። የልጅቱ እናት ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ሰፈሩ ሚጣ ይላታል፤ አራት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። አያቷ የሚጣደፍ ስፌት ሲኖርባት «አደራ፣ ዓይንሽን ከሷ ላይ አታንሺ» ብላ ለካውያ ትሰጣታለች። በእሾሁ ምክንያት የነበረው ቅሬታ በሚጣ ሰበብ ተረሳ።

«እትዬ፣ ቢራቢሮው ምን እየጠጣ ነው?»

«ማር።»

«ወፏስ ምን ትበላለች?»

«ቆሎ።»

«የማን ቆሎ?»

«የራሷን ነዋ! የወፍ ቆሎ ነው የሚባለው።»

ሚጣ በዚህ ብዙ ሳቀች። ካውያም ሳቀች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካውያ ሚጣን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ምድጃ ላይ የጣደችውን ለማውረድ ገባች። ድስቱ አርሮ ነበርና የምትነክርበት ውሃ ፈለገች፣ መስኮት ከፈተች፣ ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ልጅቷ ከቁጥቋጦው ሥር ተቀምጣ አረንጓዴ ፍሬ የታቀፈ መዳፍ ዘረጋችላት።

«እትዬ፣ ቆሎው አይጣፍጥም።»

ካውያ መዳፉን መትታ አራገፈችው። የልጅቷን አፍ በጣቷ ጠረገች፣ ውሃ አጉመጠመጠቻት። ለአያቷ ለመንገር በአጥሩ በኩል ስትጣራ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ወጣች። ሚጣ ትንሽ ቆይታ ማስታወክ ጀመረች፤ ከዚያ ሰውነቷ ዛለ። ባልየው ታክሲ ፍለጋ ያለ ጫማ ሮጠ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት።

«ምን እንደበላች የሚያውቅ አለ?»

«እኔ» አለች ካውያ፤ ስትወጣ የቀነጠሰችውን ቅርንጫፍ ዘረጋችላት።

«ብስሉን ነው ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

«ስንት ያህል?»

  «አላየሁም» አለች ካውያ።

ሐኪሟ ቅርንጫፉን ገልብጣ አየች። «የዚህ ዓይነቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም። ግሉኮስ እንሰጣታለን፤ እዚሁ ትደር፤ እንከታተላታለን» አለች። ሚጣ በደከመ ድምፅ «እትዬ ቆሎ ነው ብላኛለች» አለች። የተናገረችው ለማሳበቅ አልነበረም፤ ሐኪሟ ስለጠየቀች መንገሯ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ጎረቤቷን አየቻት። አልጮኸችም።

«አደራ ብዬሽ ነበር» አለች ብቻ።

ካውያ ኮሪደሩ ላይ አደረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጤና ጣቢያውን ያልተተኮሰ አንሶላ አይታ ዝም የምትል አልነበረችም። ጠዋት ሚጣ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ለመነች፤ ጠጣች፤ አላስመለሳትም። ረፈድ ሲል ቂጣ ጠየቀች። ሐኪሟ «ተርፋለች፣ ወደ ቤት ውሰዷት» ስትል አያቲቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ካውያ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰበሰበች።

ቤቷ ስትደርስ ከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ገብታ የባሏን መጋዝ አወጣች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«ዞር በልልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ዐረፍ በይ መጀመሪያ። ምንም ሳትበዪ ነው ያደርሽው። ቁጥቋጦው ምን አጠፋ?»

«ታዲያ ማን አጠፋ? ልጅቷ?»

 ካውያ ቁጥቋጦውን ከሥሩ መቁረጥ ጀመረች። ቢራቢሮዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሸሹ፣ ሌላውም ሲወድቅ በአጥሩ ላይ ያንዣብቡ ነበር። ክንዷ እስኪዝል ቆረጠች። ሲደክማት ባልየው መጋዙን ከእጇ ወሰደ። ሊያስቆማት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን አጎንብሶ የቀረውን ቆረጠላት። ፍሬ ያለውን ሁሉ ለቅመው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት።

ያ በጋ ረጅም ነበር። ፀሐይዋ እንደ ድሮው በቀጥታ ግድግዳው ላይ አረፈች። የቧንቧው ወንበር በቀን ስለሚያቃጥል ማንም አይቀመጥበትም። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል ብቅ ማለቷን ተወች፤ የስፌት መኪናዋ ፔዳል ሲመታ ብቻ ይሰማል። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን ዋልሽ» «ደኅና» ይባባላሉ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም።

ካውያ ብዙ አሰበች። ጥሬው ጎጂ መሆኑን ከድንጋይ ፈላጩ የሰማችው ገና ሳትተክለው ነው። ለመንገደኛ ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ለሚጣ ግን የነገረቻት ቀልዱን ብቻ ነው፤ ልጅ ስትስቅ ደስ ስለሚል። ሌላም ነገር ራሷን ጠየቀች፦ ቁጥቋጦውን የቆረጠችው ለሚጣ ብላ ነው ወይስ ጎረቤቷ እንድታያት? አንድ ቀን ይህንኑ ለባሏ ነገረችው።

«ለሁለቱም ቢሆንስ?» አላት። «ሰው ነሽ እኮ። አንሶላ አይደለሽም፣ ሁሉ ቦታሽ ልክ ተስተካክሎ የሚታጠፈው።»

የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከየጉቶው አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብቅ አለ። ካውያ ባየችው ጊዜ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። ዶማ አንሥታ ትንሽ ቆማ መልሳ አስቀመጠችው። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ጎረቤቷ ሄደች። የሰፊዋ ክፍል ጠባብ ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ወለሉን ሸፍኖታል፤ ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች።

«ቡቃያው ወጥቷል» አለች ካውያ ቆማ። «ከሥሩ እንድነቅለው ከፈለግሽ ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ። አንቺ ያልሽው ይሁን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰፊዋ መርፌው ሥር ያለውን ስፌት ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም። ያን ጊዜ እንድትቆርጪውም አላልኩሽም።»

«አላልሽም።»

«አንቺ ግን ቆርጠሽ አሳየሽኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔን ነው እንደ ክፉ የሚያየኝ። ‹ያን የመሰለ አበባ አስቆረጠች› ይሉኛል።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ደግሞ ሙቀቱ! ያ ቁጥቋጦ ለካ የኔንም ግድግዳ ያጠላልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚህ መቀመጥ አቅቶኛል።»

ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይሄን አላሰብኩም» አለች።

«ሚጣ ደግሞ በየቀኑ ቢራቢሮ የት ሄደ ትለኛለች። እኔ ‹አትንኪ› ብላት እያደገች የምትፈራው ነገር ነው የሚበዛው። የሚበላውን ከማይበላው የመለየት ሥራ ያንቺ ነው። ነገሩን ባታሳውቂያት ነው የታመመችው፤ አሁን አሳውቂያት።»

ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር «እኔ አውቃለሁ፤ መራራ ነው» አለች። ሁለቱም ሴቶች ሳይፈልጉ ሳቁ።

የወሰዱት እርምጃ ቀላል ነው። ከመንገዱ አጠገብ ያለውንና የልጅ እጅ የሚደርስበትን ጉቶ በሙሉ ነቀሉት፤ ባልየው ወገቡን ይዞ እያቃሰተ። የሚያጠላውን ረድፍ ከግድግዳው ሥር አስቀሩት፤ አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬው ሳይወፍር ካውያ በመቀስ ትቆርጠዋለች። ለወፎቹ ደግሞ ከላይ፣ ድንጋይ በድንጋይ በሆነው ጥግ፣ በአጥር ተከልሎ ሦስቱን ተዉላቸው። ካውያ ሚጣንም ቁጥቋጦው ፊት አቆመቻት። ቅጠሉን አሽታ አስሸተተቻት፤ አበባውን አስነካቻት፤ ጥሬ ፍሬውን አሳየቻት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የወፍ ቆሎ።»

«የማን?»

«የወፍ።»

«ያንቺስ?»

«የኔ አይደለም።»

«አረንጓዴውን የበላ ሰው ምን ይሆናል?»

ሚጣ ሆዷን ይዛ ዓይኗን ገለበጠች፤ የተጋነነ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀባትም። ለብዙ ወራት ይህ ጥያቄና መልስ ሳይደገም ልጅቷ ግቢው ውስጥ አትገባም ነበር። አንዳንዴ በአጥሩ ላይ ሆና ራሷ ጥያቄውን ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች፣ በሩ እንዲከፈትላት።

ባልየው ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛ በጋ ሞተ። በቀን፣ በተኛበት፣ ማንንም ሳያስቸግር። ካውያ ለረጅም ጊዜ ክፉም ደግም መናገር አቆመች፤ ሰፈሩን ያስፈራው ሐዘኗ ሳይሆን ዝምታዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን በሁለት ወጣቶች አሸክማ ካውያ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠች። «እኔ ዘንድ ይሞቃል» ነበር ምክንያቷ። እዚያው ስትሰፋ ትውላለች። ካውያ መጀመሪያ እጇን አጣጥፋ ታያት ነበር። አንድ ቀን የተሰፋ ሸሚዝ አንሥታ ገልብጣ አየችና፦

«ይሄን ኮሌታ እንዲህ አድርገሽ ለሰው ልትሰጪ ነው?» አለቻት።

«እንግዲህ ተኩሺው» አለች ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ትተኩሳለች። ደንበኞች የሰፊዋ እጅ ተሻሻለ አሉ።

በዚያው ሰሞን ሰፊዋ በራሷ በኩል፣ ከደጃፏ፣ የወፍ ቆሎ መትከል አማራት። ካውያ በደስታ ትሰጠኛለች ብላ ነበር።

«ዘንድሮ አይሆንም» አለች ካውያ።

«ለምን አይሆንም? ለመንገደኛ ሁሉ ስትሰጪ ኖረሽ!»

«ሚጣ ሰባት ዓመቷን ትያዝ። ትምህርት ቤት ትግባ። ጓደኞቿ ከሷ ጋር ሲመጡ ማስጠንቀቅ ስትችል ያኔ።»

«አንቺ ሴት፣ ልጅቷ እኮ ከኔም ካንቺም በላይ ታውቀዋለች።»

«እሷ ታውቃለች። የሥጋ ሻጩ ትንሹ ልጅ አያውቅም። ታናሽ እህቱ ደግሞ ገና በእግሯ መሄድ መጀመሯ ነው።»

ሰፊዋ ተናደደች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሸሚዞቹን ሳታስተኩስ ላከች። ሦስተኛው ቀን ላይ የተጨማደደውን ኮሌታ አይታ ሸሚዞቹን መልሳ ለካውያ አቀረበች። ስለ ጉዳዩ ሳይነጋገሩ ጊዜው አለፈ።

ሚጣ ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ራሷ መጣች። ቦርሳዋን አላወረደችም።

«እትዬ፣ ቁራጭ ስጪኝ።»

«ምን ዓይነት?»

«እርሳስ የሚያህል። ለምለሙን አይደለም።»

ካውያ መቀሷን አምጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ሁለት መረጠች፣ ቅጠል ገፈፈች። ከአያቷ ደጃፍ፣ ጠጠሩ ውስጥ፣ በድንጋይ እየጫረች ጉድጓድ ቆፈረች። አንደኛው ደረቀ። ሁለተኛው ያዘ፤ ለማበብ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሚጣ ከሆነ ቦታ ባገኘችው የካርቶን ቁራጭ ላይ በእጅ ጽሑፏ «ይህ የወፍ ነው፣ የሰው አይደለም» ብላ ጽፋ በሽቦ አሰረችበት። ዝናብ ጽሑፉን ያጥበዋል፤ እሷም በየጊዜው እንደገና ትጽፈዋለች። ፊደሏ በየዓመቱ እያማረ መጥቷል።